ጊያን ባሬን ከሆስፒታል መዝገብ ስትለቅሙ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ በሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎች የጊያን ባሬ (ጂቢኤስ፣ ነርቭን አጥቅቶ እጅና እግርን የሚያዝል በሽታ) ሕሙማንን ከመዝገብ ለሚሰበስቡ ነው። ፈቃድ ማውጣቱንና ካርድ ክፍል መግባቱን ታውቁታላችሁ። በሽታው በዓመት ከ100,000 ሰው 1 ወይም 2 ቢይዝ ነው፤ ጥቂት የተሳሳቱ ካርዶች ጥናቱን በሙሉ ያበላሹታል።

ምልክት፦ ቁጥሩ ከሚጠበቀው በላይ ሆነ።

ምክንያት፦ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነው፤ ጥርጣሬው እንደ ተረጋገጠ ምርመራ ተመዝግቧል። ሐኪሙ ድንገተኛ ክፍል ሆኖ «ሩል አውት ጂቢኤስ» (ጂቢኤስ አለመሆኑ ይጣራ) ይጽፋል። ወደ መዝገብ የሚገለብጠው ሰው «ሩል አውት»ን ይተዋታል፤ ጂ61.0 የሚለው የጂቢኤስ ኮድ ይሰጠዋል፤ ሪፖርቱም ይላካል። አንድ ገበሬ እግሩ ዝሎ ተኛ፤ ፖታሲየሙ በጣም ወርዶ ተገኘ፤ ሲተካለት በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ካርዱ ላይ ሁሉም ተጽፏል፤ መዝገቡ ግን አሁንም ጂቢኤስ ይላል። ከጅሩ ወገን የመጣ ወጣት ደግሞ ጓያ የሰበረው (ጓያ በመብላት እግሩ ሽባ የሆነ) ነበር። ጉልበቱ ሲመታ እግሩ ይፈናጠራል፣ ጡንቻው ግትር ነው፤ በጂቢኤስ ግን ይህ ምላሽ (ሪፍሌክስ) በአብዛኛው ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። አንድ መስመር ማንበብ ይበቃ ነበር! እንዲህ ያለ ግዴለሽነት ያናድደኛል፤ የጓያው ሕመምተኛ ከራሱ በሽታ ቁጥርም ጎድሏልና።

መፍትሄ፦ መዝገቡን ካርድ ለማግኛ ብቻ ተጠቀሙበት፤ አትቁጠሩበት። የመውጫ ማጠቃለያውን፣ የሪፍሌክሱን መስመርና የጀርባ ፈሳሹን ውጤት አንብቡ፤ ከዚያ የጂቢኤስ ምርመራ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ በሚለየው በብራይተን መስፈርት ደረጃ ስጡ። በጂቢኤስ የፈሳሹ ፕሮቲን አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ያልጨመረ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ብቻ ሰው አትሰርዙ። ሪፍሌክሱ ካልተጻፈ ባዶውን ተዉት። «ኖርማል» ብሎ የሚሞላ ዳታ ሰብሳቢ ካለ ሥራውን በሙሉ እንደገና አስፈትሹ። አዲስ አበባ የተላከ ታካሚ የመጨረሻ ምርመራው እዚያ ነው፤ በሪፈር ወረቀቱ አትደምድሙ።

ቁጥሩ ካነሰ፦ ከ15 ዓመት በታች ያሉትን ለፖሊዮ ቅኝት በሚሞላው የኤኤፍፒ (ድንገተኛ ልል ሽባነት) ፎርም ፈልጉ።

አንድ ሰው ሁለቴ ከመጣ፦ ኃይሉና ሀይሉ፣ ሥዩምና ስዩም በኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው። እስከ አያት ስምና ቀበሌ አመሳክሩ።

የላብራቶሪ ውጤቱ ቀን ከሆስፒታል መግቢያው ቀን በ7 ወይም በ8 ዓመት ከራቀ፦ ካርዱ በእኛ ቀን፣ የላብራቶሪ ማሽኑ በፈረንጅ ቀን ጽፏል። ወደ አንዱ ከመቀየራችሁ በፊት ዋናውን ቀን በሌላ ዓምድ አስቀምጡ።