ከቆርቆሮ ጣሪያ የዝናብ ውሃ እንዴት ይጠራቀማል? የአንድ ሐረር ቤት ልምድ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ «ውሃ መጣ!» ብሎ ቢጮህ ሐረር ውስጥ ማንም አይቆጣም። ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይነሳል። እኛም ሸንኮር ሰፈር እንደዚሁ ነበርን። ቧንቧው ሲያንኮራፋ እንሰማለን። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ዝገት፣ ከዚያ ውሃ። አንዳንዴ ዝገቱ ላይ ያበቃል።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆማ ከቆርቆሯችን የሚንዠቀዠቀውን ዝናብ ታያለች። «አቦ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ በነፃ ወደ ቦይ እየሄደ እኛ ጀሪካን በብር እንገዛለን?» አለች። መልስ አልነበረኝም። መልሱን ለመሥራት ሦስት ክረምት ፈጀብኝ። እናንተ ስህተቴን ካልደገማችሁት በአንድ ቅዳሜና እሁድ ትጨርሱታላችሁ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ በአጭሩ ላውራ። ድሮ የሐረር ቧንቧ ውሃ የሚመጣው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ወደ 1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደረቀ። ጥፋቱ የአንድ ወገን አይደለም። ዙሪያው ያለው ጫትና አትክልት በፓምፕ ጠጣው፣ ከተሞቹም ቀዱት፣ ከተራቆተው ተራራ የወረደው አፈር ሞላው፣ ዝናቡም እንደ ልማዱ አልሆን አለ። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ መልሶ ውሃ ይዟል፣ አልሐምዱሊላህ። ሐረር ግን በመሃሉ ፊቷን ወደ ድሬዳዋ አዙራ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች መሳብ ጀምራለች። ድሬ ታች ናት፣ እኛ ላይ ነን። ውሃው ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ መገፋት አለበት። ስለዚህ መብራት ሄደ ማለት ውሃም ሄደ ማለት ነው።

ዝናቡስ? በልጉ ይዘገያል፣ ክረምቱ ይቆራረጣል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤል ኒኞ ዝናቡን ነጥቆን ምሥራቅ ሐረርጌ ምን እንደሆነ የሚረሳ የለም። ደግሞ ሲመጣ በልክ አይመጣም። ቀረ ሲሉት ሰማዩን ቀዶ ይወርዳል፣ ሰዓት ሳይሞላ ያባራል። ያቺን አንድ ሰዓት ነው መያዝ ያለብን።

ሀ. ጣሪያውን ለኩ

ሜትር ያዙና ጣሪያው መሬት ላይ የሚሸፍነውን ስፋት ለኩ። የቆርቆሮውን ተዳፋት አትለኩ። የሚቆጠረው ከሥሩ ያለው መሬት ነው። የኛ ቤት 8 ሜትር በ6 ሜትር ነው፤ 48 ካሬ። ከዚህ ወዲያ የምታስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። እኛ ጋ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 480 ሊትር ይሆናል። የሚረጭ አለ፣ ከአሸንዳ ዘሎ የሚሄድ አለ፣ ስለዚህ አንድ አምስተኛውን ቀንሱ። 384 ሊትር ይቀራል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 19 ጀሪካን ማለት ነው። ለአንድ ከሰዓት ዝናብ! ጣሪያችሁ ግራና ቀኝ የሚያፈስ ከሆነና አሸንዳ የምትሰቅሉት በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ግን ግማሹን ነው የምታገኙት።

ጀጎል ውስጥ «ጌ ጋር» በሚባለው በጥንቱ የሐረሪ ቤት የምትኖሩ ሰዎች ነገሩ ይለይባችኋል። ጠፍጣፋው የጭቃ ጣሪያ ውሃውን አደፍርሶ ነው የሚሰጣችሁ። ለመጠጥ አታስቡት። ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራ ክፍል ካለ እዚያ ላይ ጀምሩ። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቁ።

ለ. ዕቃውን ምረጡ

ሐረር በደህና ዓመት ወደ 700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ ድሬ ከዚያ ያነሰ። በኛ ጣሪያ ሲሰላ ወደ 27 ሺህ ሊትር ይጠጋል። ያን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ዕቃ ያለው ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። አያስፈልግምም። ስሌቱን ከሌላ በኩል ያዙት። ቤት ውስጥ አምስት ሰው አለ እንበል። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢደርስ 100 ሊትር ነው። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ 10 ቀን ያቆያችኋል።

እውነቱን ልናገር፣ ሮቶ በጋውን አያሻግርም። ጥቅምት ላይ ሞልታችሁ ጥር ላይ አትጠጡም። የሚያሻግራችሁ ከአንዱ የውሃ ፈረቃ እስከሚቀጥለው ነው። በክረምት ደግሞ ደጋግሞ ይሞላል፣ ቦቴ መጥራት ትረሳላችሁ። ብር ካለ ባለ 2,000 ግዙ። ከሌለ በርሜል ሁለት ሦስት አቀጣጥላችሁ ጀምሩ። በርሜል ስትገዙ ግን ቀድሞ ምን እንደነበረበት ጠይቁ። ሻጩ «ዘይት ነበር» ካለ የምን ዘይት እንደሆነ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ክዳኑን ከፍታችሁም አሽትቱ። የኬሚካል ሽታ ካለው ለልብስ ማጠቢያ እንኳ አትመኙት። ቀለሙ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ይሁን፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ ውስጥ ውሃው አረንጓዴ ይለብሳል።

ሐ. መቆሚያውን አትናቁ

እኔ ናቅሁት። መጀመሪያ ክረምት ላይ አራት ብሎኬት ያለ ሲሚንቶ ደርድሬ ሮቶውን አስቀመጥኩ። ባዶውን እያለ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ምን ይሆናል ብዬ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። የሞላ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አንድ ቶን ነው። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ግን ከሮቶ ጋር አላገናኘሁትም። ነሐሴ ላይ መሬቱ ረጠበ፣ አንዱ ብሎኬት ሰመጠ። እኩለ ሌሊት ላይ ዷ! የሚል ድምፅ ሰማን። ጅብ ግቢ ገባ ብለን በሩን ከውስጥ ቆለፍን። ጠዋት ስንወጣ ሮቶው የኩሽናውን ግድግዳ ተደግፎ ጋደም ብሏል። ቧንቧው ተገንጥሎ ውሃው በሙሉ ጎረቤት ግቢ ገብቷል። ጎረቤታችን አሁንም ሲያገኘኝ «ዘንድሮስ አታጠጣንም?» ይለኛል።

እንዲህ አድርጉ። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፣ ድንጋይ ጠቅጥቁ፣ ላዩን በሲሚንቶ ሥሩ። ቁመቱ ከመሬት 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጀሪካን ከቧንቧው ሥር በምቾት ይገባል። ከዚያ በላይ አታስረዝሙ፤ የሮቶው አፍ ከአሸንዳው ዝቅ ማለት አለበት። ሲሚንቶው ሳይጠነክር አትጫኑበት፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጡት።

መ. አሸንዳ ስቀሉ

የላሜራ አሸንዳ ቆርቆሮ ቤት በልካችሁ ይታጠፍላችኋል። የፕላስቲክም አለ። የትኛውም ይሁን፣ ዋናው ነገር ማዘንበሉ ነው። በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። 8 ሜትር ከሆነ ከዳር እስከ ዳር 8 ሳንቲ ሜትር። በዓይን አትገምቱ። ሲባጎ ወጥሩ፣ ውሃ ልክ ያዙ። ሲባጎውን መጀመሪያ ልክ አድርጉት፣ ከዚያ በውሃ መውረጃው በኩል ያለውን ጫፍ ዝቅ አድርጉ።

ማሰሪያዎቹን በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ምቱ። ብዙ ሰው በየሜትር ተኩሉ ይመታና የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ መሃሉን ያጎብጠዋል። ጎድጎድ ያለው ቦታ ውሃ ይቋጥራል፣ ትንኝም ያረባል። የቆርቆሮው ጫፍ አሸንዳው ውስጥ ጥቂት ጣት ያህል ይግባ። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ ጣሪያው ላይ ደፍታችሁ ሩጫውን እዩ። የቆመበት ቦታ ካለ ያኔውኑ አስተካክሉ።

ሠ. የመጀመሪያውን ዝናብ ድፉት

ብዙዎች የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው። ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ጣሪያው ላይ አራት አምስት ወር የተጠራቀመ አቧራ አለ። የወፍ ኩስ አለ። ሐረር ደግሞ የጭልፊት አገር ናት። ሥጋ ቤት አካባቢ ከሆናችሁ ቅልጥም ሳይቀር ቆርቆሮ ላይ ታገኛላችሁ። እሱን ሁሉ ወደ ሮቶ አታስገቡት።

የሚሸጥ የማጣሪያ ዕቃ አለ፣ ግን እኔ የማደርገው ቀላል ነገር ነው። ወደ ሮቶው አፍ የሚገባውን የመጨረሻ ኤልቦ (የቱቦ ማጠፊያ) በማጣበቂያ አላጣበቅሁትም። በእጅ ይዞራል። ሰማዩ ሲጠቁር ወደ ውጭ ዞሮ ነው የሚቆየው፣ ሥሩ ሁለት ባዶ ጀሪካን በማጥለያ አለ። ሁለቱ ሲሞሉ ኤልቦውን ወደ ሮቶው አዞረዋለሁ። ለ48 ካሬ ጣሪያ 40 ሊትር መድፋት ይበቃል። በየካሬው ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ብላችሁ ለራሳችሁ አስሉት። ያ ውሃ ቆሻሻ ነው እንጂ ከንቱ አይደለም፤ ለሽንት ቤትና ለአትክልት ይሆናል። በየቀኑ የሚዘንብ ከሆነ ጣሪያው ታጥቧልና ያን ያህል አትጨነቁ። ሳምንት ቆይቶ ከመጣ ግን እንደ አዲስ ጀምሩ።

ቤት ውስጥ ሰው ከሌለስ? ኤልቦው ወደ ውጭ ዞሮ ይቆይ። አንድ ዝናብ ማጣት የሮቶን ውሃ ከማበላሸት ይሻላል።

ረ. ክደኑት

ክዳኑ ግጥም ይበል። ቱቦው የሚገባበት ቀዳዳ፣ የትርፍ ውሃ መውጫው፣ የአየር ቀዳዳው፣ ሁሉም ላይ ደቃቅ ወንፊት እሰሩ። ይሄ ንጽህና ብቻ አይደለም። የወባ ትንኝ የምትራባው ረግረግ ላይ ነው ብለን ነው ያደግነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ግን የከተማ ትንኝ ናት። ሮቶና በርሜል ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ ከወትሮው በተለየ የተነሳው ወባ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነበር። ደንጌ የምታስይዘዋም ትንኝ እንዲሁ የቤት ዕቃ ውሃ ትወዳለች። በየሳምንቱ በባትሪ ብርሃን ውስጡን እዩ። ደቃቅ ትል ሲወዛወዝ ካያችሁ ወንፊቱ የሆነ ቦታ ተቀዷል።

ሰ. ለመጠጥ ከሆነ

ለልብስ፣ ለዕቃ፣ ለገላ እንዳለ ተጠቀሙበት። ለመጠጥ ግን አክሙት። ወይ አፍሉት፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ወይ ውሃ አጋር ጨምሩ፣ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የደፈረሰ ከሆነ አስቀድማችሁ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉት። ጣሪያችሁ አሮጌ የአስቤስቶስ ንጣፍ ከሆነ ወይም እርሳስ ያለበት ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ማፍላትም አያድነውም። አትጠጡት።

ሸ. የሚተርፈው የት ይሂድ?

ሮቶ ሲሞላ ትርፉ የሚወጣበት ቱቦ ካልሠራችሁ መሠረታችሁን ይቦረቡራል። እኛ ከግቢው ጥግ አንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረን ድንጋይ ሞላንበት፣ አጠገቡ የዘይቱን ዛፍ ተከልን። ውሃው እዚያው ይሰርጋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ውሃው የመጣው ከኛ ከተራራው ወገን ነበር። አንድ ግቢ ጎርፍ አይገታም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ውሃችንን ወደ መንገድ መልቀቁ ደስ አይለኝም።

ቀ. የድልህ ጣሳ

ይሄኛው የዝናብ መለኪያ ነው፤ ግዴታ አይደለም፣ ግን እኔ በጣም የምወደው ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ከዛፍና ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። ከዝናብ በኋላ የተማሪ ማስመሪያ ክተቱበት። ማስመሪያው ላይ ዜሮው ከጫፉ የሚጀምር መሆኑን አረጋግጡ። የረጠበው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አንብቡ። ጣሳው ሰፋ ጠበበ ለውጥ የለውም።

ልጄ በደብተር ይመዘግባል። ትናንት 14 ሚሊ ሜትር ጻፈ። 14 በ48፣ አምስተኛው ሲቀነስ፣ 537 ሊትር። ማታ ሮቶውን በዱላ ለካሁት፤ የገባው 400 እንኳ አይሞላም። ዛሬ ጠዋት መሰላል ይዤ ወጣሁ። በኩሽናው በኩል ያለችው ማሰሪያ ላልታ አሸንዳው ሁለት ጣት ወርዷል።