ስክሪኑ ባትሪ እየጨረሰ ካስቸገራችሁ

ራሳችሁ የሠራችሁት ባለ ስክሪን ዕቃ ዩኤስቢ ላይ ተሰክቶ እያለ ምንም ችግር የለበትም። ባትሪ ላይ ስታደርጉት ግን በ4 ቀኑ ይጠፋል። እኔን የገጠመኝ ለጫጩት ቤት ሙቀት የሚያሳይ ትንሽ ዕቃ ስሠራ ነው፤ ጠዋት ስገባ ስክሪኑ ጠፍቶ ባገኘሁት ቁጥር ትልቅ ባትሪ ልግዛ እል ነበር። መግዛት አያስፈልግም። ስክሪኑ 20 ሚሊአምፔር ከወሰደ፣ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የሚያቆየው 100 ሰዓት ብቻ ነው። ባትሪውን እጥፍ ብታደርጉት 8 ቀን ቢሆን ነው። ፍጆታውን ወደ አንድ አሥረኛ ብታወርዱት ግን ከወር በላይ ይሄዳል።

ከሁሉም በፊት ለኩ። ቴስተሩን ሚሊአምፔር ላይ አድርጉ፣ ቀዩን ገመድ ወደ ሚሊአምፔሩ ቀዳዳ ቀይሩ፣ ወደ ስክሪኑ የሚሄደውን ፖዘቲቭ ሽቦ ፈታችሁ ቴስተሩን መሀል አስገቡት። ባትሪው ላይ በቀጥታ እንዳትነኩት፣ ፊውዙ ይቃጠላል። አሁን ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አድርጉት፣ ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር። ቁጥሩ በደንብ ከወረደ ኦሌድ ነው፤ እምብዛም ካልተነቃነቀ ኤልሲዲ ነው። ቀጥሎ የምትሠሩት ሁሉ በዚህ ይለያያል።

ኦሌድ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ነው የሚያበራው። ብዙዎቻችን የምንጠቀማት ኤስኤስዲ1306 የሚባል መንጃ ቺፕ (ድራይቨር) ያላት ስክሪን 128 በ64፣ በድምሩ 8192 ፒክስል አላት፤ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል ከጻፋችሁ አብዛኛው በርቷል ማለት ነው። ቀለሙን ገልብጡት፦ ጥቁር መደብ፣ ነጭ ፊደል። ዙሪያውን ያሰመራችሁትን ሳጥንም አውጡት፣ ማንም አይፈልገውም። ከዚያ ኮንትራስቱን ቀንሱ። ለድራይቨሩ የሚላከው ትእዛዝ ሄክስ 81 ነው (ሄክስ በ16 መሠረት የሚጻፍ ቁጥር ነው)፣ ከ0 እስከ 255 ይቀበላል፤ ቤት ውስጥ ለሚነበብ ቁጥር 30 አካባቢ ሞክሩና በዓይናችሁ ፍረዱ።

ኤልሲዲ ላይ ጥቁር መደብ አይጠቅማችሁም፣ ምክንያቱም ከኋላ ያለው ባክላይት ስክሪኑ ጥቁር ሆነም ነጭ ያው ይበራል። ትልቁ በላተኛ እሱ ነው። የባክላይቱን ፒን ከፖዘቲቭ ጋር አጣብቃችሁ አትተዉት፤ በትራንዚስተር አድርጉና በፒደብልዩኤም (ቶሎ ቶሎ እያበሩ በማጥፋት) አደብዝዙት።

አሁን ዋናው፦ ማንም በማያየው ሰዓት አስተኙት። በ1306 ላይ ሄክስ ኤኢ ስትልኩ ድራይቨሩ ይተኛል፤ አምራቹ በሚሰጠው መግለጫ መሠረት ያኔ የሚወስደው ከ10 ማይክሮአምፔር በታች ነው። ኤልሲዲ በሚነዳው በአይኤልአይ9341 ቺፕ ላይ ደግሞ ማስተኛው ሄክስ 10፣ ማንቂያው ሄክስ 11 ነው፤ ካነቃችሁት በኋላ መልሳችሁ ለማስተኛት ቢያንስ 120 ሚሊሰከንድ ጠብቁ። ሁለቱም ሲተኙ ምስሉን ከሜሞሪያቸው አይጥሉትም፣ ስለዚህ ሲነሱ እንደገና መሳል የለባችሁም። እኔ አንድ በተን ጨመርኩ፤ ሲጫኑት ለ10 ሰከንድ ይበራል። በቀን 30 ጊዜ ቢጫኑት እንኳ በጠቅላላው 5 ደቂቃ ነው፤ 480 (20 ሲባዛ በ24 ሰዓት) የነበረው የቀን ፍጆታ ወደ 1.7 ሚሊአምፔር ሰዓት ወረደ ማለት ነው። ማይክሮኮንትሮለሩም (ፕሮግራማችሁ የሚሠራበት ቺፕ) አብሮ ካልተኛ ግን ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ካስተኛችሁትም በኋላ ቴስተሩ ላይ ብዙ ከቀረ፣ ሞጁሉ (ስክሪኑ የተገጠመበት ቦርድ) ላይ የተበየደውን ሬጉሌተር፣ ማለትም ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን ቺፕ ጠርጥሩ፣ እሱ አይተኛም። ያኔ የሞጁሉን ፖዘቲቭ በፒ ቻናል ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በሚሠራ ትራንዚስተር) ቁረጡት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ፖዘቲቩን ቆርጣችሁ የዳታ ሽቦዎቹን ሃይ ላይ (ቮልቴጅ እንዳለባቸው) ከተዋችኋቸው፣ ከረንት በእነሱ በኩል ሾልኮ ይገባና ቺፑን በግማሽ ያነቃዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ ሞስፌት ስቀያይር ከረምኩ። ከመቁረጣችሁ በፊት የዳታ ፒኖቹን ሎው አድርጉ፣ ወደ ፖዘቲቭ የሚስቡ ሬዚስተሮች ካሉም ከሞጁሉ ጋር አብረው እንዲጠፉ አገናኟቸው።

የቀረው ራሱ የድራይቨሩ ሥራ ነው። የኤልሲዲ ፒክስል እንደ ትንሽ ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ እንደሚይዝ ዕቃ ነው፤ ድራይቨሩ ቀኑን ሙሉ እንስራ ሞልቶ እየደፋ ነው ማለት ይቻላል። የሚጠፋው ኃይል ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) ሲባዛ በቮልቴጅ ስኩዌር፣ ሲባዛ በፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም) ነው። ቮልቴጁን ከ5 ወደ 4 ብታወርዱ 25 የነበረው 16 ሆነ፤ ከሲሶ በላይ ተረፈ። ፓኔሉን ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ኢንቨርዥኑንም፣ ማለትም የፒክስሉ ፖላሪቲ (ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ) የሚቀያየርበትን መንገድ እዩት። ኤልሲዲ ፖላሪቲው ካልተቀያየረ ይበላሻል፣ ስለዚህ መቀያየር ግድ ነው። ዶት ኢንቨርዥን ግን በየረድፉ ይገለብጠዋል፤ ኮለም ኢንቨርዥን በአንድ ፍሬም አንዴ ብቻ። ምስሉ ቀጥ ያለ መስመር ካላሳያችሁ በስተቀር ኮለሙን ምረጡ።

ፍሪኩዌንሲውንም ቀንሱ። በ2019 የወጣው አፕል ዎች ሲሪስ 5 እጅ ሲወርድ ስክሪኑን በሰከንድ 1 ጊዜ እስከ ማደስ ይወርዳል፤ ይህን የቻለው ትራንዚስተሮቹ ቻርጅ እምብዛም ስለማያፈሱ ነው። የእኛዎቹ ርካሽ ስክሪኖች ያፈሳሉ። 9341 ሲነሳ በሰከንድ 70 ጊዜ ያድሳል፤ በሄክስ ቢ1 ደረጃ በደረጃ አውርዱት፣ በየደረጃው ስክሪኑን በዓይናችሁ ጠርዝ እያያችሁ፣ ምክንያቱም መርገብገቡ ቶሎ የሚታየው ከጎን ሲያዩት ነው። መርገብገብ ሲጀምር አንድ ደረጃ መልሱትና እዚያው ተዉት።