ያለ ጠመንጃ አደን፦ በየዓመቱ ከጓደኞች ጋር ወደ መንዝ ጓሳ

ጓደኛሞች በዓመት አንዴ አብረን እንውጣ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ነው። እኔ ግን ሰሜን ሸዋ እላለሁ። መንዝ ጓሳ። ዋና የለም፣ ሙቀት የለም፣ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል። ግን ጠዋት ጸሐይ ወጣ ስትል ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን በዓይናችሁ ካያችሁ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ሳይጎተጉታችሁ ትመለሳላችሁ። አባቶቻችን ጠመንጃ አንግተው ከባልንጀሮቻቸው ጋር ዱር ሲወጡ የሚያገኙት ደስታ እዚህ አለ፦ በብርድ መነሳቱ፣ ዱካ መፈለጉ፣ አድፍጦ መጠበቁ፣ ማታ ደግሞ ምድጃ ዳር ተሰብስቦ ማን ቀድሞ አየ እየተባለ መከራከሩ። ጥይት ብቻ የለም። መኖርም የለበትም፣ ምክንያቱም ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ሁሉ ቢቆጠሩ ደግሞ 500 አይሞሉም።

ከሁሉ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ ይሄን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ጓሳ አጠገብ ባለችው ከተማ፣ መሐል ሜዳ፣ ዘመድ ካላችሁ ደውሉ፣ ከሌላችሁ በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር ጠይቁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀንም ደግማችሁ ጠይቁ። «ዘንድሮ ይቅርባችሁ» ካሏችሁ ቅሩ። ጓሳ የትም አይሄድም።

ሰው ስትመርጡ ከስድስት አትብለጡ። አንድ መኪና ውስጥ የምትገቡ ሁኑ። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ወሬው ይበዛል፣ አውሬውም ይሸሻል። ዝም ብሎ አንድ ሰዓት መቀመጥ የማይችል ጓደኛ ካላችሁ እንወደዋለን ብላችሁ አትጎትቱት፣ እሱን ሌላ ጊዜ ላንጋኖ ውሰዱት። ገንዘቡን እንደ ዕቁብ በየወሩ አዋጡ፣ አንድ ሰው ይያዘው። በየዓመቱ የሚደረግ ጉዞ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በብር ነው፤ የመነሻው ሳምንት ሲደርስ «እኔ ዘንድሮ አልተመቸኝም» የሚል አንድ ሰው ይመጣል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይከተላል፣ ከዚያ ጉዞው ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ ያዋጣ ሰው ግን አይቀርም።

ቀኑን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 14 ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ መሬቱ ጠጥሯል፣ ሣሩ ገና አልደረቀም። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ከዚያ በፊት ከሄዳችሁ ከረቡዕና ዓርብ በስተቀር ምግቡም አያስቸግራችሁም። ጥር ሰማዩ በጣም ጥርት ይላል፣ ግን ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ከስድስት ሰው ሦስቱ ሚዜ ነኝ ይላል። ክረምት ላይ አትሞክሩት፣ ጭቃውና ጉሙ ምንም አያሳያችሁም።

መንገዱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ጣርማ በር ላይ ዋናው አስፋልት ወደ ዋሻውና ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ እናንተ ወደ ግራ፣ ወደ መሐል ሜዳ ትታጠፋላችሁ። ጓሳን የምታገኙት መሐል ሜዳ ከመድረሳችሁ በፊት ነው። ከፍ ያለ መኪና ቢሆን ይመረጣል።

ከቻላችሁ የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ብርሃን እደሩ። ይሄን የምለው ለመዝናናት አይደለም። ጓሳ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከቆላ አካባቢ የመጣ ሰው በአንድ ቀን እዚያ ሲወጣ ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ይዘጋዋል። ውሃ በደንብ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ የመጀመሪያውን ምሽት አረቄ አትንኩ። የአንዱ ራስ ምታት አልለቅ ካለና ማስመለስ ከጀመረው ወደ ታች ይዛችሁት ውረዱ። ቀበሮዋ በሌላ ቀን ትታያለች።

ደብረ ብርሃን ካደራችሁ አይቀር ባና ግዙ። የመንዝ በግ ጸጉር የተፈተለበት ባና የዚያ ሀገር ብርድ ስለሆነ የሚያውቀው፣ ከከተማ የምትይዙት ስስ ብርድ ልብስ አይወዳደረውም። ኅዳር ላይ ማለዳ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ታገኙታላችሁ። ወፍራም ካልሲ ሁለት ሁለት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ቀን ላይ ደግሞ ጸሐዩ ስለሚያቃጥል ሰፊ ባርኔጣ። ደማቅ ቀይና ቢጫ ልብስ ቤት ይቅር። ባይኖኩላር ቢያንስ ለሁለት ሰው አንድ ይኑር።

ምግቡን ከከተማ ይዛችሁ ውጡ። ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ማረፊያ ቤት አለ፣ ድንኳን መትከያም አለ፣ ግን ሆቴል አይደለም፣ ራሳችሁ ናችሁ የምታበስሉት። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ ካለማ ምን ቀረ። ጠዋት ለመውጣት ስትቸኩሉ በሶ በጥብጦ መጠጣትን የሚያህል ነገር የለም። ለማብሰያ ቡታጋዝ ያዙ፣ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ቆርጣችሁ እሳት አታንድዱ።

አስታው የሰው ንብረት ነው፣ ሣሩም የሰው ንብረት ነው። ጓሳ የመንግሥት ፓርክ አይደለም። የመንዝ ገበሬ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ የጋራ መሬት ነው። አለቃ መርጠው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጉት ነበር፣ ከብት አይገባበትም፣ ሣር አይታጨድበትም፣ ከዚያ ተማክረው ይከፍቱት ነበር። ጓሳ ሣሩ የቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል፣ የዝናብ ገሳ ይሆናል። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ የድሮውን ሥርዓት አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በኮሚቴ መልክ መጠበቁን ቀጠለ። ቀበሮዋ እስከ ዛሬ እዚያ ያለችው በዚህ ነው። ስለዚህ ከእናንተ ጋር የሚመደበውን ጠባቂ እንደ ባለቤት አክብሩት፣ ጋሼ በሉት፣ «በዚህ አትሂዱ» ሲል አትከራከሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቀይ ቀበሮ የምታድነው በቀን ነው። የምትኖረው በመንጋ ቢሆንም አይጥ ፍለጋ የምትወጣው ብቻዋን ነው። አይጦቹ ደግሞ መሬቱ ሳይሞቅ ብዙም አይወጡም። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ተነስታችሁ፣ ጸሐይ ስትወጣ ሜዳውን የሚያሳይ ጉብታ ላይ ቁጭ በሉ። መዞር አይጠቅምም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ኮረብታ ለኮረብታ ሲንከራተት ይውልና አንድም ሳያይ ይመለሳል። ነፋሱ ወደ እናንተ እንዲነፍስ አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ስልኩን ዝጉት፣ ሜዳውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ በባይኖኩላር ቃኙ። ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። ጆሮዋን ወደ መሬት አዘንብላ፣ እግሯን አንስታ ሳታሳርፍ ቆማ ትቆያለች፣ ከዚያ ዘላ ትወድቃለች። ያቺን ዝላይ ለማየት ነው ይሄ ሁሉ ድካም።

ተኩላን ቀበሮ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ተኩላው ወደ ግራጫ ይወስደዋል። ቀይ ቀበሮ ጸጉሯ እውነተኛ ቀይ ነው፣ ጉሮሮዋና ደረቷ ላይ ነጭ አለባት፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር ነው፣ እግሯም ረጅም ነው።

ሌላው ዘዴ ጭላዳ ዝንጀሮ መፈለግ ነው። ጭላዳ ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ሣር ሊግጥ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ መንጋው ብዙ ስለሆነ አያመልጣችሁም። ቀበሮዋ ብዙ ጊዜ መንጋው መሀል ገብታ ታድናለች፣ ጭላዳዎቹም አይሸሿትም። እዚያው ጓሳ የተደረገ ጥናት ቀበሮዋ ጭላዳ መሀል ሆና ከሞከረችው 67 በመቶው ሲሳካላት ብቻዋን ስትሆን ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሚሳካላት አሳይቷል። ስለዚህ መንጋ ካያችሁ አልፋችሁ አትሂዱ። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና ቆዩ። ቀበሮዋ ባትመጣ እንኳ ደረቱ የቀላ ወንድ ጭላዳ ጎፈሩን ነፋስ ሲያወዛውዘው ማየቱ ራሱ ይበቃል። ቀትር ካለፈ በኋላ ከቆላው በኩል ጉም ሊወጣ ይችላል፣ ሲወጣ ወደ ማረፊያው ተመለሱ።

ጥቂት ክልክሎች አሉ። ውሻ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ቀበሮዎቹን እየፈጀ ያለው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ለጭላዳ ዳቦ አትወርውሩ፣ አንዴ ከለመደ የገበሬው ማሳ ውስጥ ይገባል። ጥቅምትና ኅዳር ቀበሮዋ የምትወልድበት ወቅት ስለሆነ ጉድጓድ ካያችሁ አትጠጉ፣ ፎቶውም ይቅርባችሁ፤ ከተረበሸች ግልገሎቿን በአፏ ይዛ በብርድ ሌላ ቦታ ፍለጋ ትወጣለች።

ስትወጡ የመግቢያውንና የማረፊያውን ክፍያ በደረሰኝ ክፈሉ፣ የጠባቂውን ለራሱ በእጁ ስጡ። የተረፋችሁን በሶና ቆሎ መልሳችሁ አትጫኑት፣ ለጠባቂዎቹ ተዉላቸው፣ እነሱ ማታም እዚያው ናቸው። ቆሻሻውን ግን አንድም ሳታስቀሩ ይዛችሁ ውረዱ።