ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት መስመሩን ለኩ፦ የመኪና ቻርጅ ችግርና መፍትሄው

ክረምት ሲገባ ደሴ ላይ በማለዳ የሚገፋ መኪና አይጠፋም። ማታ ደህና የገባ ሚኒባስ ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ሹፌሩ ወዲያው «ባትሪው ሞቷል» ይላል፣ ተበድሮም ቢሆን አዲስ ይገዛል። ጥቂት ቆይቶ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ባትሪ ዛሬ የዋዛ ብር አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው በባትሪውና በዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን በሚሞላው) መካከል ባለው ሽቦ፣ በሞርሴቶ (የባትሪው ራስ ላይ በሚታሰረው መያዣ) እና በማሳ (ኤሌክትሪኩ ከሞተሩና ከመኪናው ብረት ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በሚመለስበት መስመር) ላይ ነው። ይህን ደግሞ ርካሽ ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) የያዘ ማንም ሰው ሊያገኘው ይችላል።

መጀመሪያ እነዚህን ቁጥሮች ያዙ። ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.4 ካሳየ ሩብ ያህል ጎድሏል። 12.2 ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መኪናውን ያቆማችሁት አሁን ከሆነ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ይላል፤ ትልቁን መብራት አንድ ሁለት ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉና ለኩ። ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.7 መታየት አለበት። አዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፒዩተሩ ሆን ብሎ ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ መብራት አብርታችሁ ድጋሚ ሳትለኩ አትፍረዱ። እንደ ሲኖትራክ ሁለት ባትሪ በተከታታይ የታሰረበት 24 ቮልት መኪና ከሆነ እነዚህን ቁጥሮች እጥፍ አድርጉ።

ቀን ይነሳል፣ ጠዋት አይነሳም

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ የሚወርድ መኪና ይህ ችግር ይበዛበታል። ሚሌ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። የበረሃው ሙቀት የባትሪውን ውሃ ያተናል፣ ውስጡን ይበላዋል። ግን እዚያው በረሃው ላይ ጉዳቱ አይታይም፣ ምክንያቱም ሙቀት ላይ ሞተሩ ቀለል ብሎ ይዞራል። ጉዳቱ የሚታወቀው ደሴ ወጥቶ ሲያድር ነው። ብርድ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይቱንም ያወፍራል። ሹፌሩ ብርዱን ይወቅሳል እንጂ ባትሪው የተጎዳው ታች ነው።

ለማረጋገጥ ሰው ቁልፉን እያዞረ ባትሪው ላይ ለኩ። ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ካልወረደ ግን ባትሪውን ተዉት።

ማታ ሙሉ የነበረ ባትሪ ጠዋት ባዶ ከሆነ የሚጠጣው ነገር አለ። ሁሉንም አጥፍታችሁ የኔጌቲቩን ሞርሴቶ ንቀሉ። ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጋችሁ በሞርሴቶውና በባትሪው ራስ መካከል አስገቡት። መኪናው እስኪተኛ (ኮምፒዩተሮቹ እስኪጠፉ) ጠብቁ። በዚህ ጊዜ በር አትክፈቱ፣ ቁልፍም አታዙሩ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይሄዳል። ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ካሳየ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ የትኛው ላይ እንደሚወርድ እዩ። በኋላ የተጨመረ ቴፕና የሌባ አላርም የመጀመሪያ ተጠርጣሪዎች ናቸው። በየትኛውም ፊውዝ ካልወረደ ባትሪውን ፈትታችሁ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ንቀሉ፣ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሉ፣ እንደገና ለኩ። አሁን ከወረደ የዲናሞው ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ክፍል) ወደ ኋላ አሳልፏል።

ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት በራ

ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) እዩ። በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙ ከረገበ ይንሸራተታል። ጠዋት መብራት ሲበራ የሚጮኸውም እሱ ነው። ቺንጋው ደህና ሆኖ ቮልቱ ከ13 ካልዘለለ የዲናሞው ካርቦን አልቆ ወይም ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ቁልፍ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ምልክቱ መብራት አለበት። ጭራሽ ካልበራ «ጤነኛ ነው» አትበሉ። ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በዚያች አምፖል በኩል በሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ደህናው ዲናሞ ቻርጅ ሳያደርግ ይውላል።

እባካችሁ አንድ ልማድ ይቅር። ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ እየሠራ ባትሪ መንቀል ማለቴ ነው። ባትሪው ድንገት ሲነቀል ዲናሞው የሚለቀው ቮልት ከልክ በላይ ይዘላል፣ ዳዮዱን ያቃጥላል፣ ኮምፒዩተር ያለበት መኪና ከሆነ እሱንም ይዞ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ደህና መኪና ተበላሽቶ ከጋራዥ ሲወጣ ማየት ያሳዝናል።

ባትሪውም ዲናሞውም አዲስ ነው፣ መብራቱ ግን ይደክማል

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይሄ ነው። ዲናሞው የሚያመርተው ቮልት ሁሉ ባትሪው ጋ አይደርስም፤ በመንገድ ይጠፋል። የጠፋውን መለካት ቀላል ነው።

ሞተሩን አስነሱ። ትልቁን መብራትና ማራገቢያውን አብሩ፣ ሰው ነዳጅ ሰጥቶ 2,000 ዙር ላይ ይያዝላችሁ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የዲናሞው ወፍራም ሽቦ የሚታሰርበት ቦሎኔ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ ጋር መለካት ግር ይል ይሆናል፤ ቴስተሩ የሚያሳየው ግን በመንገድ የጠፋውን ብቻ ነው። እስከ 0.2 ደህና ነው። ከ0.3 ካለፈ መስመሩ ላይ ችግር አለ። ቀጥላችሁ ከዲናሞው ገላ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለኩ። እዚህ ከ0.2 ማለፍ የለበትም። የቴስተሩን ጫፍ ሞርሴቶው ላይ ሳይሆን የባትሪው እርሳስ ራስ ላይ አሳርፉ። ሞርሴቶው ራሱ ጥፋተኛ ከሆነ አለበለዚያ ያመልጣችኋል።

መብራት ሳይበራ ከለካችሁ ግን ምንም አታገኙም። ሽቦውን ነቅሎ በኦም (ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያግድ በሚያሳየው መለኪያ) መለካትም አያዋጣም። ጠባብ በር አንድ ሰው ሲያልፍበት ጥበቱ አይታወቅም፣ የሚታወቀው የባቲ ሰኞ ገበያ ሲመጣበት ነው። ከሃምሳ ክር አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ሽቦም በኦም ስትለካ ደህና ትመስላለች።

ኮምቦልቻ ላይ ያየሁትን አንድ ሚኒባስ ልንገራችሁ። ማታ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ መብራቱ ቢጫ ይሆናል። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ባትሪም ዲናሞም ቀይረዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ለካ፦ ዲናሞው ላይ 14.5፣ ባትሪው ላይ 13.1። 1.4 ቮልት የት ገባ? በፖዘቲቭ በኩል 0.2 ብቻ ነው። በኔጌቲቭ በኩል 1.2 ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ወርዶ ነበር እንዴ?»

«አዎ ልጄ፣ ክረምት ላይ ወርዶ ተሠርቷል። ምነው?»

ኤሌክትሪሺያኑ ከሥር ገብቶ በእጅ ባትሪ አበራ። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው (የመኪናው ዋና ብረት) የሚሄደው ጠፍጣፋ ማሳ የለም። ሞተሩ ሲመለስ ረስተውታል፣ በቦታው አንዲት ቀጭን የመብራት ሽቦ አስረዋል። የታሰረችውም ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነው፣ ቦሎኔው ዙሪያውን ዝጓል። ሻንሲውን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተገው፣ ወፍራም ማሳ አሠረ፣ ካጠበቀ በኋላ ከላይ ግሪስ ቀባ። ድጋሚ ሲለካ የኔጌቲቩ ኪሳራ 0.05 ሆነ። ዲናሞው መጀመሪያውኑም ደህና ነበር።

እንዲህ ያለ የማሳ ችግር ሌላም ጣጣ አለው። የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ መመለሻ ሲያጣ በነዳጅ ገመድ ወይም በማርሽ ገመድ በኩል ይሄዳል። መኪና ስታስነሱ የነዳጅ ገመዱ ከሞቀ፣ ወይ ያለ ምክንያት ከደረቀ፣ ማሳውን ጠርጥሩ።

ሞርሴቶው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካበበ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፍቱ። የመጋገሪያ ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ እጠቡ፣ ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹን አጥብቁ። ራሱንም ሞርሴቶውንም እስኪያበራ ፈትጉ። ስትመልሱ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይታሰር። በእጅ ጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ወፍራም ሽቦ ካያችሁ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ በዚያው ውፍረት ጫፉ በደንብ የተጨመቀ ሽቦ አስገቡ።

ሞተሪኖው ጠቅ ጠቅ ይላል ወይም ተጎትቶ ይዞራል

መለኪያው ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚለካው ቁልፍ በሚዞርበት ሰዓት መሆኑ ነው። ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቦሎኔ፣ ከዚያ ከሞተሪኖው ገላ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለኩ። በየወገኑ ከ0.5 ካለፈ ሽቦውን አጽዱ ወይም ቀይሩ። ሞተሪኖ 150 አምፔር ሲስብ 0.01 ኦም ብቻ የሆነ ዝገት 1.5 ቮልት ይበላል። ሁለቱም ወገን ደህና ከሆነ፣ ባትሪውም ከ9.6 ካልወረደ፣ ያኔ ሞተሪኖውን አስፈቱ።

ባትሪው ይፈላል፣ ላምፓዲና (አምፖል) ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል

ከ15 ቮልት በላይ ካያችሁ ሬጉሌተሩ ነው፣ ሳትዘገዩ ቀይሩት። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከሸተታችሁ መኪናውን አጥፉና እስኪቀዘቅዝ ራቁ። የባትሪውን ውሃ ለማየት ላይተር ወይም ክብሪት በፍጹም እንዳትለኩሱ፣ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። ውሃው ከቀነሰ ሳህኖቹ እስኪሸፈኑ የተጣራ የባትሪ ውሃ ጨምሩ፣ አሲድ ግን አትጨምሩ።

24 ቮልት መኪና ላይ አንዱ ባትሪ ብቻ እየፈላ ሌላው የሚደክም ከሆነ ቴፑ ከየት እንደሚስብ ተመልከቱ። ብዙ ሰው ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ይወስዳል። ያኛው ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ጓደኛው ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላል። ቴፑን ከ24 ወደ 12 በሚቀንስ ኮንቨርተር አሳስሩ። ሁለቱን ለየብቻ ሞልታችሁ አሳድሩና ለኩ፤ አንዱ ቮልቱን መያዝ ካቃተው ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ።