ፎርማት የማያድነው ብሮውዘር

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር ለምንጠግን ሰዎች «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግልኝ» የሚለው ጥያቄ የዘወትር ነው። የመነሻ ገጹ ሳይነካ ከተቀየረ ወይም የጉግል ፍለጋ ወደማይታወቅ ድረ ገጽ ከዞረ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ የተጠቃው ብሮውዘሩ፣ ማለትም እንደ ክሮም ያለው ድረ ገጽ መክፈቻ ነው፤ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያጠፋው ፎርማትም የመጀመሪያው ስህተት ነው። ጥፋቱ የመጣው በኤክስቴንሽን፣ ማለትም በብሮውዘሩ ላይ በሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ከሆነ፣ ደንበኛው ቤቱ ገብቶ በቀድሞ አካውንቱ ክሮምን ሲንክ እንዳደረገ (ከአካውንቱ ጋር እንዳመሳሰለ) ያው ኤክስቴንሽን ተመልሶ ይጫናል። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ በሁለት ሱቆች ለፎርማት ከፍለውና የሒሳብ ፋይሎቻቸውን አጥተው ወደ እኛ ሲመጡ፣ ያስፈለገው ከኤክስቴንሽኖች ዝርዝር ውስጥ አንዱን ማጥፋት ብቻ ነበር። ዝርዝሩን ለማየት አንድ ደቂቃ የማይታገሥ ባለሙያ የሰው ፋይል ለማጥፋት ለምን እንደሚደፍር አይገባኝም። «ከክሮም መደብር ነው ያወረድኩት» ማለትም ዋስትና አይሆንም፤ ብዙ ተጠቃሚ የነበረው ዘ ግሬት ሰስፔንደር የተባለ ኤክስቴንሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ ከተቀየረ በኋላ፣ ጉግል በየካቲት 2021 ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ይዟል ብሎ አግዶታል።

«ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው (ፍቀድ) የሚለውን ይጫኑ» ሲባል መታዘዝ ሁለተኛው ስህተት ነው። የተፈቀደው ማረጋገጫ ሳይሆን ኖቲፊኬሽን፣ ማለትም ገጹ መልእክት እንዲልክ ስለሆነ፣ ገጹ ከተዘጋ በኋላም «ኮምፒውተርዎ ተበክሏል» የሚል የሐሰት ማስጠንቀቂያ ይጎርፋል። ፈቃዱን ከብሮውዘሩ ሴቲንግ መሰረዝ ይበቃል።

ከዚህ የከፋው ለዚሁ ማረጋገጫ ብሎ የዊንዶውስንና የአር ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው፣ በሚከፈተው ሳጥን የተቀዳውን ጽሑፍ ለጥፈው ኢንተር እንዲሉ የሚያዝዘው ገጽ ነው። በዚያ ሳጥን ውስጥ የሚለጠፈው ማልዌር የሚያወርድ ትእዛዝ ነው፤ እውነተኛ ማረጋገጫ ከብሮውዘሩ ውጭ ምንም አይጠይቅም።

በአንዳንድ ብሮውዘሮች በአድራሻው ጎን የሚታየው የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክት መስመሩ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ የባለቤቱን ታማኝነት አያሳይም፤ አጭበርባሪም ምልክቱን የሚያስገኘውን ሰርተፊኬት በነፃ ያገኛል።

ዊንዶውስ 7 የጫኑ ኮምፒውተሮች አሁንም ይመጡልናል። ለእነርሱ የመጨረሻው ክሮም ቁጥር 109 ሲሆን፣ ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ የክሮም ስሪት ስለማይደርሳቸው፣ ባንክና ኢሜይል ባይከፈትባቸው ይሻላል።

በመጨረሻም፣ ማልዌር ከገባ በኋላ ፓስወርድን በዚያው ኮምፒውተር ላይ መቀየር ከንቱ ነው፣ አዲሱም ይሰረቃልና። ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ይቀይሩ፤ ከዚያም አካውንቱን ከገባባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ያስወጡ፤ ሌባው የመግቢያ ኩኪውን (ብሮውዘሩ እንደገቡ የሚያስታውስበትን ትንሽ መረጃ) ወስዶ ከሆነ ፓስወርድ ሳይጠየቅ ሊገባ ይችላልና።