የተሰበረ እግሬ ታላቁን ሩጫ እንዴት ጨረሰ

የግራ ቅልጥሜ ተሰብሮ 3 ወር ጀሶ ውስጥ ከረመ። ሐኪሙ «አጥንቱ ገጥሟል» ባለኝ ማግስት አስፋልት ላይ ወጣሁ። 500 ሜትር ሳልሞላ አመመኝ። ሁለቴ ሞከርኩ፤ ሁለቴም እያነከስኩ ተመለስኩ።

ችግሩ ሌላ ቦታ እንደነበር የገባኝ አንድ ማታ ባቶቼን በሜትር ስለካ ነው። ግራው በ3 ሳንቲ ሜትር ቀጥኗል! ጡንቻው ስለከሳ የእርምጃዬ ጫና ከወትሮው በላይ አጥንቱ ላይ ያርፍ ነበር።

ሩጫውን ተውኩት። ጠዋት ጠዋት ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሜ ተረከዜን ቀስ ብዬ ዝቅ፣ ቀስ ብዬ ከፍ። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ከወር በኋላ በግራው ብቻ። በአንድ እግር 25 ስሞላ ጃን ሜዳ ሣሩ ላይ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ ጀመርኩ። በማግስቱ ካመመኝ አልጨምርም። እውነት ለመናገር ከልምምዱ በላይ የከበደኝ መታገሡ ነው።

ኅዳር ላይ ቲሸርቴን ለብሼ መስቀል አደባባይ ቆምኩ። 10 ኪሎ ሜትር። ዳገት ዳገቱን ሆን ብዬ በእርምጃ ወጣሁት፤ ቀሪውን ሮጥኩ። 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ፈጀብኝ። ማታ ቅልጥሜን ዳበስኩት። አላበጠም፣ አላመመኝም። እዚያው አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።