የእጅ ቅልጥፍና ምትሃት የሚጀምሩ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀማሪዎችን በዕቃቸው ሳይሆን በዓይናቸው እንዲጠነቀቁ አጥብቄ እመክራለሁ። ሳንቲሙን ወደ ግራ እጁ ያስተላለፈ መስሎ በቀኝ መዳፉ ያስቀረ ሰው ቀኝ እጁን ለአፍታ እንኳ ካየ፣ ተመልካቹም ወደዚያው ያያል፤ የወራት ልምምድም በዚያች ቅጽበት ይባክናል። አንድ ተማሪዬ በሠርግ ላይ ሲያሳይ ጣቶቹ አንዳች አልሳቱም ነበር፤ ሆኖም ከፊት የተቀመጠች ሕፃን «በዚያኛው እጁ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ምስጢሩን የነገራት ዓይኑ ነበርና። ይህ ስህተት የሚመጣው ሠሪው ራሱ ሳንቲሙ በግራ እጁ እንዳለ ስለማያምን ነው። ስለዚህ ልጆች፣ እባካችሁ፣ በመጀመሪያ ሳንቲሙን በእውነት ከእጅ ወደ እጅ እያስተላለፋችሁ ዓይናችሁ፣ ትከሻችሁና ጣቶቻችሁ የሚያደርጉትን አስተውሉ፤ ከዚያም ማስመሰያው ከእውነተኛው እስከማይለይ ድረስ ተለማመዱ። የደበቀውም እጅ ጣቶቹን ገትሮ አይቁም፤ ብርጭቆ ያንሳ ወይም እጅጌ ይሰብስብ።

መጣደፍም ሌላው ጥፋት ነው። ቀኝ እጁን በልጅነቱ በአደጋ ያጣው አርጀንቲናዊው ሬኔ ላቫንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 እስኪያርፍ ድረስ የታወቀው በግራ እጁ ብቻ፣ ያውም በዝግታ፣ በሚሠራው የካርታ ምትሃት ነበር።

«እስቲ ድገመው» ሲባሉ አይድገሙ። ለመድገም የሚወዱ ወጣቶች፣ ሦስት ጊዜ ያየሁትን ምትሃት እደርስበታለሁ ይል የነበረው ዝነኛው ምትሃተኛ ሁዲኒ እ.ኤ.አ. በ1922 በቺካጎ በካርታ ምትሃተኛው ዳይ ቨርነን ተደጋጋሚ ትርኢት መረታቱን ያነሱልኛል። ነገር ግን ቨርነን ካርታ ከልጅነቱ ጀምሮ ከእጁ ያልተለየው ሰው ነበር። ተመልካች በመጀመሪያው ጊዜ ፍጻሜውን ስለማያውቅ የት እንደሚያይ አይወስንም፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ፍጻሜውን አውቆ እጅን ይጠብቃል።

በመስታወት ፊት ብቻ መለማመድ አይበቃም፤ ብዙዎች ካርታውን በሚቀይሩበት ቅጽበት ሳይታወቃቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉና በስልክ ራሳቸውን ይቅረጹ።

ካርታ በትክክል መበወዝ ሳይችሉ አዲስ ምትሃት መሸመት ገንዘብ ማባከን ነው።

በመጨረሻም፣ መዳፍ ውስጥ የተያዘ ሳንቲም ከፊት ባይታይም ከጎን ሊታይ ስለሚችል፣ ከትርኢቱ በፊት በአዳራሹ የዳር ወንበሮች ላይ ሄደው ይቀመጡ፤ ከዚያ የሚታይ ነገር ካለ የቆሙበትን ቦታ ወይም የሰውነትዎን አቅጣጫ ይቀይሩ።